ወደ ክራኮቭ የተሸከምኩት መርዶ

ወሬው የደረሰኝ ረቡዕ ጠዋት፣ የምንከባከባቸውን ሽማግሌ ነጭ ሸሚዝ ስተኩስ ነው። የቤታቸው ስልክ ጮኸ። እሳቸው መኝታ ቤታቸውን ዘግተው ትራምፔታቸውን እያሟሟቁ ነበርና ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«ኤቫ ነኝ፣ የታዴክ ልጅ። ከክራኮቭ» አለች በእንግሊዝኛ። «አባቴ ዛሬ አረፈ።»

ካውያውን አቆምኩት። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ «እግዜር ያጽናሽ» በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል እስከ ዛሬ በወጉ አላውቅም። እሷ ግን የትራምፔቱን ድምፅ በስልኩ ሰምታ ኖሮ፣ «እሱ ነው የሚነፋው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ትነግሪዋለሽ?» ስትለኝ፣ «ለእኔ ተዪው፤ እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኳት። መቼ ብላ አልጠየቀችኝም። እኔም አላልኩም።

ጋሼ ያን ከመኝታ ቤታቸው ሆነው «ማን ነው?» አሉ።

«ተሳስተው ነው» አልኳቸው።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሼ ያን እኔ የምንከባከባቸው የፖላንድ ሰው ናቸው፤ ስማቸው ያን ነው። «ጋሼ»ን የጨመርኩላቸው እኔ ነኝ፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ ያለ እሱ ስጠራቸው አይመልሱም። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከፌርፋክስ ገበያ ጀርባ ባለችው አሮጌ አፓርትመንት ከትራምፔታቸውና ከእኔ በቀር ማንም የለም። ልባቸው የሚሠራው በባትሪ ነው። ታዴክ ደግሞ የወጣትነት ጓደኛቸው ነበሩ፣ ፒያኖ ተጫዋች። ሁለቱ በወጣትነታቸው ጃዝ ይጫወቱበት የነበረው የክራኮቭ ምድር ቤት ዛሬም ክፍት ነው። የቤቱ ሰዎች በሚመጣው ቅዳሜ አንዴ አብራችሁ ተጫወቱልን ብለው ጠርተዋቸው፣ ለእኔም ጭምር ቲኬት ልከውልን ነበር። በረራችን ሐሙስ ነው። ሻንጣው በሩ ሥር ቆሟል።

ከሰዓት በኋላ ብርቄ ሱቅ ሄድኩ። ብርቄ ፌርፋክስ ላይ ቅመማ ቅመም የምትሸጥ ጓደኛዬ ናት፤ የምንሳለመውም አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው።

«ኦኬ፣ ሶ ልትነግሪያቸው ነው?» አለችኝ በርበሬ እየመዘነች።

«ማታ መድኃኒታቸውን ከሰጠኋቸው በኋላ ብዬ ነበር።»

«አንቺ ሰው፣ መርዶ ማታ ይነገራል? ደሞስ እዚያ ቤት ማን አለ? አንቺና ፍሪጁ ናችሁ። ማን ሊያለቅስላቸው ነው?»

«እና ፕሌን ላይ ልንገራቸው?»

«ፕሌን ላይማ ጭራሽ። ልባቸው ቀጥ ቢል ፓይለቱ ምን ያደርግልሻል? አሁን ከነገርሻቸው ደሞ ዶክተሩ ይሰማና ካንስል ያስደርጋቸዋል፤ ጓደኛቸውን ሳይቀብሩ ይቀራሉ። ዝም ብለሽ አገራቸው አድርሻቸው። ወገናቸው መሐል፣ በማለዳ ይነገራቸው። እስከዚያ ‹ትንሽ አሟቸዋል› ነው የሚባለው። ይሄ ላንቺ አዲስ ነው?»

አዲስ አልነበረም። አባቴ ሲያርፍ ለእኔም የተደረገልኝ እንደዚያው ነው። ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ፤ ከፍቼ የሰዎቹን ብዛት ሳይ ማንም ሳይናገር አወቅሁት። ያን ዕለት ወለሉ ላይ ሳልወድቅ የያዙኝን እጆች አልረሳቸውም። ጋሼ ያንን በሎስ አንጀለስ የሚይዝ እጅ የእኔ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ደግሞ አይበቃም።

ለንስሐ አባቴ ደወልኩ፤ አላነሱም። ተመልሼ ሸሚዙን ጨረስኩና ሻንጣው ውስጥ አስገባሁት።

ሐሙስ ኤርፖርት ድራይቭ ያደረገችን ብርቄ ናት። ጋሼ ያን ከፊት ተቀምጠው ጭናቸው ላይ አንድ ጥቅል ይዘዋል። ለታዴክ የገዙት ጣቱ የተቆረጠ የሱፍ ጓንት ነው፤ ምድር ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ የታዴክን ጣቶች ደግሞ ቁርጥማት ይዟቸዋል ብለው። እሱን ስንፈልግ ስንት ሱቅ እንደዞርን እግዜር ይወቀው፤ ሎስ አንጀለስ ሰው ጓንት የሚገዛው ሳህን ሊያጥብበት ነው። ብርቄ ጥቅሉን ባየች ቁጥር ዓይኗ ይሞላል።

«ይህች ሴት ምን ሆና ነው?» አሉኝ ዞር ብለው።

«አለርጂ ነው» አልኳቸው።

የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። ጾሜን በቅቤ ሳይሆን በውሸት እየገደፍኩ ተሳፈርኩ።

አውሮፕላን ውስጥ ሰው ይተኛል፤ እሳቸው ግን ወሬ ያዙ። ስለ ሙዚቃቸው ከዚያ በፊትም አልፎ አልፎ ይነግሩኝ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ከሥሩ ጀመሩ።

«ጦርነቱ ሲያልቅ አገሩ ፍርስራሽ ነበር። ልጆች ነን። የጃዝ ድምፅ ከአንድ ቤት ከተሰማ፣ እዚያ ቤት በሕይወት ያለ ሰው አለ ማለት ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሩሲያኖች የሾሙልን ገዢዎች መጡና የጠላት ሙዚቃ ነው አሉን። ሲጫወት የተገኘ ተማሪ ሊባረር ይችላል።»

«ታዲያ ተዋችሁት?»

«የሰው ሳሎን ውስጥ ገባን። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን። እኔ ትራምፔቴ አፍ ውስጥ ካልሲ ወተፍኩ። ታዴክ የአክስቱን ፒያኖ ፎጣ አለበሰው።»

ኖታ የላቸውም፤ ሸክላም እንደ ልብ አይገኝም። የአሜሪካን ሬዲዮ በምሽት ከበው ይቀመጣሉ። ሥራውን ይከፋፈሉታል፦ አንዱ የትራምፔቱን ብቻ ያዳምጣል፣ አንዱ የባሱን፣ ታዴክ የፒያኖውን። ሙዚቃው ሲያልቅ እያንዳንዱ የያዘውን ያዋጣል። የእኛ የዜማ ተማሪዎችም በጆሮ ነው የሚቀበሉት፤ የእነሱ መምህር ግን ፊታቸው ተቀምጦ ያርማቸዋል። የእነዚህ መምህር ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ እየጠፋ እየተመለሰ የሚንሾካሾክ ሬዲዮ ነበር። የጎደለውን ከራሳቸው መሙላት ነበረባቸው። ጋሼ ያን እንደሚሉት የፖላንድ ጃዝ የተወለደው ሬዲዮው ከጠፋባቸው ቦታዎች ነው።

እኔ ዘፈን ኃጢአት ነው ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። የእሳቸውን ትራምፔት ሥራዬ ሆኖ እሰማለሁ፤ ሲነፉ እኔ በልቤ መዝሙረ ዳዊት እደግማለሁ። ግን አንድ ነገር ገርሞኝ ጠየቅኋቸው። በእኛ አገር በደርግ ጊዜ የሚመረመረው ግጥሙ ነበር፤ ዜማውን ማን ይነካዋል? ቃል የሌለው ነገር እንዴት ሰው ያስፈራል?

«ቃል ቢኖረው አንዱን ሰርዘው ይለቁን ነበር» አሉኝ። «የሌለውን ቃል ከየት ያመጡና ይሰርዙት?»

ኋላ ላይ ገዢዎቹ ለዘብ አሉ። በባሕሩ ጠረፍ ባለች ከተማ በአደባባይ እንዲጫወቱ ተፈቀደላቸው፤ ወጣቱ ከባንዱ ኋላ ከተማውን ሞልቶ ዞረ። ሲነግሩኝ ታቦት የሚሸኝ ሕዝብ በዓይኔ መጣብኝ፤ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ታዴክ «የአሜሪካኖቹን ብቻ ከቀዳን የእነሱ ፎቶ ሆነን እንቀራለን» ብለው የተራራውን ሰዎች የቫዮሊን ዜማና የቤተ ክርስቲያናቸውን መዝሙር ያመጡት። «ጃዙን ፖላንድኛ አናገረው» አሉኝ ጋሼ ያን። በመጨረሻ ያው መንግሥት ራሱ «እንዴት ያለ ነፃ አገር እንደሆንን ዓለም ይይ» ብሎ ውጭ ይልካቸው ጀመር። ጋሼ ያን ከእንደዚህ ካለ ጉዞ ነው ሳይመለሱ የቀሩት። ታዴክ እናት ነበሯቸው፤ ተመለሱ።

«ሲያየኝ መጀመሪያ የሚለኝን ታውቂያለሽ? ‹አንተ ወፍረሃል› ነው የሚለኝ። እኔ ደግሞ ‹አንተ ደንቁረሃል› እለዋለሁ። ከዚያ እንጫወታለን።»

መስኮቱን አየሁ። ከታች ውቅያኖስ ብቻ ነው።

ፍራንክፈርት ላይ ዊልቸር የሚገፋ ሰው ጠፋና ራሴ ገፋኋቸው፤ የምንገባበት በር ከምንወጣበት ሌላኛው ጫፍ ነው። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ለኤቫ መልእክት ጻፍኩላት፦ አልነገርኳቸውም፤ እባካችሁ ጥቁር ለብሳችሁ እንዳትቀበሉን፤ ታመው ተኝተዋል በሉ።

«እነግረዋለሁ ብለሽኝ ነበር» ብላ መለሰች። ቀጥላ፣ «በእኛ አገር ይሄ ውሸት ይባላል።» ልንሳፈር ስንል ሌላ መጣ፦ «ቀይ ስካርፍ አድርጌ እመጣለሁ።»

ክራኮቭ የደረስነው ዓርብ ሲመሽ ነው፤ የሚመሸው ግን ገና በዘጠኝ ሰዓት ነው። ጉም ከተማውን ውጦታል። ቤተ መንግሥት አለ አሉኝ፤ አላየሁትም። ሻንጣችን አልመጣም፤ ትራምፔቱንና መድኃኒቱን ግን በእጃችን ይዘናል። ኤቫ በቀይ ስካርፏ ቆማለች፤ ሃምሳ የሞላት መልከ መልካም ሴት፣ ዓይኖቿ ያበጡ። ጋሼ ያን አቅፈዋት «የአባትሽን አፍንጫ ይዘሽው ቀረሽ» ብለው ሳቁ። «እሱስ?»

«ሆስፒታል ነው። ትንሽ አሞታል» አለች ኤቫ። እኔን ግን አላየችኝም።

ያረፍነው መነኮሳይያት በሚያስተዳድሩት የእንግዳ ማረፊያ ነው። ጠባብ አልጋ፣ የሚንጣጣ የብረት ማሞቂያ፣ ግድግዳው ላይ መስቀል። ለእኔ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ለእራት ሾርባ መጣ። ወተት እንዳለበት ስጠይቅ አሮጊቷ መነኩሲት ቋንቋዬን ሳይሰሙ ገባቸው፤ ሳህኑን አንስተው ሄዱና ከቀይ ሥር የተሠራ፣ ቀይ እንደ ወይን የጠራ ሾርባ ይዘው ተመለሱ። ቀይ ሥር እኔ የማውቀው በበያይነቱ ጥግ ላይ ተከምሮ ነው፤ እዚያ ግን እንዲህ ይጠጣል። ሙቅ ውኃ የተሞላ የጎማ ከረጢትም ለአልጋዬ ማሞቂያ ሰጡኝ።

ጋሼ ያን እንደተኙ ኤቫ ወጥ ቤት ጠበቀችኝ።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለችኝ።

«ማንም። በእኛ ወግ ሰው ብቻውን እያለ መርዶ አይነገረውም። ሲነገረው የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል።»

«እኔን ማን ያዘኝ?» አለች። «ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው ነርሷ የነገረችኝ።»

ተጠግቼ ያዝኳት። መጀመሪያ እንጨት ሆነችብኝ፤ ከዚያ ትከሻዬ ላይ አለቀሰች፣ ድምፅ ሳታሰማ። ፊቷን ጠርጋ ስታበቃ ተስማማን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እናቷን ወይዘሮ ሃሊናንና የድሮ ሙዚቀኞቹን ይዛ ትመጣለች፤ ሁላችንም ባለንበት ይነገራቸዋል።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ለጸሎት ቆሜ ሳለ ከላይ ጥሩንባ ተነፋ። ክው አልኩ። ጥሩንባ በማለዳ የእድር ነው፤ እኔ ባደግሁበት ሰፈር ሌላ ትርጉም የለውም። ለካ በዚያ ከተማ በየሰዓቱ ከቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ይነፋል፤ ዜማው መሐል ላይ ቁርጥ ብሎ ይቆማል፤ የጥንት ጠባቂ ሲነፋ በቀስት ተመትቶ ነው ይላሉ። ነፍሴ ሳትመለስ በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ያን ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል።

«ምድር ቤቱን በጠዋት ልየው። ማታ ሰው ይበዛል።»

«ቁርስ ሳይበሉ? ደግሞ ኤቫ ትመጣለች።»

«እስክትመጣ እንመለሳለን። አትጨቅጭቂኝ።»

ወጣን። ዎከራቸውን፣ መቀመጫ ያለውን ባለ ጎማ ምርኩዝ፣ ይገፋሉ። እኔ መርዶውን እንዳያወጣ የምጠብቀው ሰው ነበር። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር እሰጋለሁ፤ ይህ ሰው ያውቃቸው ይሆን? ቆም ብሎ ሊያጽናናቸው ይሆን? መንገድ አሻግራቸዋለሁ፤ ኮቴ ስሰማ ወሬ እጀምራለሁ። ጥቂት እንደሄድን ጉልበታቸው ደከመ። ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጎን ዎከሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከመንገዱ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። እንዳይመታቸው ዎከሩን አዙሬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለስኩላቸው። ስካርፋቸውን አስተካክዬ፣ ዞር ብዬ ለኤቫ መዘግየታችንን ጻፍኩ።

«ቲሩ» አሉኝ።

«አቤት ጋሼ።»

«ረቡዕ የተደወለው ስልክ ስህተት አልነበረም።»

ጥያቄ አልነበረም። ቀና ስል ግድግዳው ላይ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። ሳልፍ አይቻቸው ነበር፤ በእኛ ደጀ ሰላም እንደሚለጠፈው የጉባኤና የጉዞ ማስታወቂያ መስለውኝ ነበር። አሁን ጥቁር ጠርዛቸውን አየሁ። በእሳቸው ዓይን ትክክል ካለው ላይ መስቀል፣ ከሥሩ የታዴክ ሙሉ ስም፣ ያረፉበት ቀን፣ የቀብሩ ሰዓት። በፖላንድ ሰው ሲሞት እንዲህ ታትሞ በየግድግዳው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ በር ይለጠፋል ለካ። የእኛ መርዶ የሚሄደው በሰው አፍ ነው፤ የሰውን አፍ ደግሞ ለምኖ መያዝ ይቻላል። ግድግዳውን እንድለምን ማን ነገረኝ? ሰው ሰው ስጠብቅ በገዛ እጄ ከመርዶው ፊት አስቀመጥኳቸው።

«ጋሼ፣ እኔ…»

እጃቸውን አነሱብኝ። ከኮት ኪሳቸው ያን የሱፍ ጓንት አወጡና፣ ቀስ ብለው፣ ጣት በጣት፣ በገዛ እጃቸው ላይ አጠለቁት። ተነሥተው ዎከሩን ራሳቸው አዞሩ።

ማረፊያው በር ላይ ኤቫ፣ እናቷና ሦስት ሽማግሌዎች አበባ ይዘው ቆመው ነበር። እኔ የተመኘሁት ያው ሰው፣ በተመኘሁት ሰዓት። ወይዘሮ ሃሊና የጋሼ ያንን ፊት ሲያዩ አበባውን ለኤቫ ሰጥተው መጡና አቀፏቸው። እዚያው መንገድ ላይ ተያይዘው ቆሙ። ሽማግሌዎቹ ከበቧቸው። እኔ ባዶውን ዎከር ይዤ ከኋላ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ «መድኃኒቴን» ካሉኝ በቀር አላናገሩኝም።

አብረው ሊጫወቱበት የነበረው ምሽት የመታሰቢያ ሆነ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። ደረጃው ላይ እግሬ አልሄድ አለኝ፤ ዘፈን ቤት ገብቼ አላውቅም። ወይዘሮ ሃሊና፣ ባል የሞተባቸው ሴት፣ ተመልሰው ወጥተው እጄን ያዙኝ። አማተብኩና ገባሁ። የጡብ ጣሪያው ከራስ በላይ ጎብጦ የዋሻ ቤተ መቅደስ ይመስላል። ፒያኖው ተከድኖ ሻማ በርቶበታል። አጠገቤ የተቀመጡት ከበሮ መቺ ሽማግሌ እንግሊዝኛ ስለሚችሉ፣ ለምን ይህ ቦታ እንዲህ እንደሚከበር ጠየቅኋቸው።

ጠጋ አሉና፣ «ጮክ በይ» አሉኝ። ደገምኩላቸው።

«ውጭ ሁላችንም አንድ ነገር በአንድ ድምፅ እንድንል ነበር የሚፈለገው» አሉኝ። «እዚህ ግን አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጠዋል፤ ከዚያ ተራው የእሱ ይሆናል፤ የፈለገውን ይመልሳል። ማንም አያዘውም። ነፃነት የሚባለውን ነገር እኛ መጀመሪያ ያየነው በዚህ መልክ ነው፤ በጽሑፍ ያነበብነው ኋላ ነው።» ፈገግ አሉ። «ዛሬ በትምህርት ቤት ያስተምሩታል። ፈተና አለው። ታዴክና ያን ቢፈተኑ ይወድቃሉ።»

ወጣቶች ተጫወቱ። ጋሼ ያንን ለመኗቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ትራምፔቱ ከሳጥኑ አልወጣም።

እሑድ ደክሞኛል። እንቅልፍ የት አለ። ጠዋት በመነኮሳይያቱ ጸሎት ቤት ከኋላ ቆሜ የራሴን ደገምኩ። ምሳ ወይዘሮ ሃሊና ቤት ነበር። ጎመንና እንጉዳይ ውስጡ ያለበት የተቀቀለ ሊጥ፣ ለእኔ ብቻ በዘይት የተሠራ ለብቻው በሳህን መጣልኝ፤ ሐዘን ቤት ሆነው የእንግዳ ጾም ያስባሉ። በእኛ ሐዘን ቤት ጎረቤት ያበስላል እንጂ ሐዘንተኛ ምድጃ አይነካም። ላግዝ ልነሳ ስል ወይዘሮ ሃሊና ትከሻዬን ተጭነው አስቀመጡኝ።

ጋሼ ያን በማግሥቱ ቀብር ላይ እንደማይነፉ ለኤቫ ነገሯት። ከንፈሬ ደርቋል አሉ። ኤቫ ተረጎመችልኝ፤ ዓይኗ ግን ሌላ ነገር ይለኝ ነበር። አንድ የቀራቸውን ነገር፣ የጓደኛን መሸኛ፣ በእኔ የተነሳ ሳያደርጉ ሊመለሱ ነው። ልባቸውን ላተርፍ ብዬ ትንፋሻቸውን ወሰድኩባቸው ማለት ነው።

ሻንጣው ስላልመጣ የሚለብሱት ሸሚዝ የለም። ወይዘሮ ሃሊና የባለቤታቸውን ነጭ ሸሚዝ አመጡ። የሟች ልብስ በቀብሩ ዕለት ሲለበስ አይቼ አላውቅም፤ ግን ካውያውን ተቀብዬ ተኮስኩት።

«ታዴክ ሸሚዙን ለማንም አያውስም ነበር» አሉ ወይዘሮ ሃሊና በኤቫ በኩል። «ይኸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።»

ጋሼ ያን ሳቁ። እኔ ስስቅ ግን አቆሙ።

ሰኞ ጭቃና በረዶ የተቀላቀለበት ቀን ነበር። ከመቃብሩ በር ጀምሮ ባንዱ ከሬሳው ፊት እየሄደ በዝግታ ይጫወታል፤ ቄሱ ከኋላ ይከተላሉ፤ ማንም አልተቆጣም። ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው በዝምታ ነው። አንዴ አመለጠኝና ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። ሰው ዞሮ አየኝ፤ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ለማላውቃቸው ሰው ነበር የማለቅሰው። ወይም ሌላ ነገር ነበር።

ሣጥኑ ሊወርድ ሲል ጋሼ ያን ዎከራቸውን ትተው ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄዱና መናገር ጀመሩ፣ በፖላንድኛ። ስሜን ሰማሁ። «ቲሩ» አሉ፣ በእጃቸው እኔ ወዳለሁበት እያመለከቱ። ሰዎች ዞረው አዩኝ። ተናገሩ፣ ተናገሩ፤ ሰዎች ሳቁ። እንደገና ስሜን ጠሩ። ሳቁ ቆመ፣ ዝም ዝም ሆነ። አጠገቤ የቆመች የማላውቃት ሴት ክንዴን ጨበጠችኝ፤ ለማጽናናት ይሁን ለመገሠጽ አላወቅሁም።

ከዚያ ትራምፔቱን ከሳጥኑ አወጡ።

ያንን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ከዜማው ግማሹ ኋላ ኤቫ እንደነገረችኝ የሙታን መዝሙራቸው ነው፤ ግማሹን ማንም አያውቀውም። መሐል ላይ ትንፋሻቸው አለቀ። ክላርኔት ይዞ ከኋላ የቆመው ሽማግሌ ኖታውን ከአየር ላይ ተቀበላቸውና ያዘላቸው፤ እሳቸው እስኪተነፍሱ ቆየ፣ መልሶ ሰጣቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነፉ መዝሙረ ዳዊት አልደገምኩም።

ማክሰኞ ተመለስን። በመንገድ ላይ እህል በሉ፣ ተኙ፣ ትራሳቸውን እንዳስተካክልላቸው ጠየቁኝ። ብርቄ ኤርፖርት መጥታ፣ «ሶ፣ እንዴት ሆነ?» ስትለኝ፣ «ፓርክ ያደረግሽበት የት ነው?» አልኳት። ሻንጣው ቆይቶ በደጃፍ ተጥሎ ተገኘ።

ይኸው እንግዲህ ሥራዬ ላይ ነኝ። ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ፣ ልብሳቸውን እተኩሳለሁ፣ እሳቸው ይነፋሉ። ያን ዕለት ምን እንደተናገሩ አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው። «ብዙ ነገር ብያለሁ። ረሳሁት» አሉና ጋዜጣቸውን ገለጡ። የልጅነታቸውን ሬዲዮ ዘፈን በዘፈን የሚያስታውሱ ሰው ናቸው።

ኤቫን ደውዬ ጠየቅኋት። «የሰማሁት መጀመሪያውን ብቻ ነው» አለችኝ። «‹ያቺ ሴት፣ ቲሩ፣ ከሎስ አንጀለስ እስከ ክራኮቭ ዋሸችኝ› አለ። ከዚያ እናቴ ደከማትና ወደ አግዳሚው ወሰድኳት።» ከበሮ መቺውንም ጠይቃልኛለች። ዕድሜ ልኩን ከበሮ አጠገብ የተቀመጠ ጆሮ ምን ይሰማል፤ «ጥሩ ንግግር ነበር» ብቻ አላት።

ኤቫ ይህን ጽሑፍ ወደ ፖላንድኛ አስተርጉማ ለምድር ቤቱ ሰዎች እንደምታነብላቸው ቃል ገብታልኛለች። ስለዚህ ይህ ለእናንተ ነው፤ ሰኞ ዕለት በታዴክ መቃብር ዙሪያ ለቆማችሁ። «ዋሸችኝ» ካሉ በኋላ ጋሼ ያን ምን አሉ? ያሳቃችሁ ምን ነበር? ሁለተኛ ስሜን ሲጠሩ፣ ዝም ያላችሁ ጊዜ፣ ያሉት ምንድን ነው? ንስሐ የምገባበት ይሁን የማመሰግንበት ማወቅ እፈልጋለሁ። ቁጣም ከሆነ እንዳለ ላኩልኝ። እኔ ለእሳቸው ያደረግሁትን አታድርጉልኝ፤ ሰው እስኪሰበሰብልኝ አትጠብቁ፣ ብቻዬን ብሆንም ንገሩኝ።